ጥንስስ፦ ለአንድ ልብ ወለድ ዓለም የፍጥረት ታሪክ ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትናንት ጨዋታችንን ያቆመው አንድ ሕፃን ጭራቅ ነው። አምስት ሆነን በየሳምንቱ ቅዳሜ እኔ ቤት እየተሰበሰብን የሚና ጨዋታ እንጫወታለን፤ እኔ ተራኪ ሆኜ ዓለሙንና በውስጡ የሚያጋጥመውን ሁሉ እናገራለሁ፣ አራቱ ጓደኞቼ ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚያደርጉትን ይወስናሉ። ትናንት አንድ ዋሻ ውስጥ ገብተው አዋቂዎቹን ጭራቆች ከገደሉ በኋላ በጥግ የተኛ ሕፃን አገኙ። የምንጠቀምበት የደንብ መጽሐፍ የዚያን ነገድ ጠባይ በአንድ ቃል «ክፉ» ብሎ ጽፎታል። ከአራቱ አንዷ በሙያዋ ነርስ ናት፤ እርሳሷን አስቀመጠችና «ገና ምንም ያላደረገ ፍጡር እንዴት ክፉ ይባላል?» አለች። ሌላው «ተፈጥሮው ነው፤ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል» አላት። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ማንም ወደ ዋሻው አልተመለሰም።

ይህ የአንድ ቃል ፍርድ ከዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የሚና ጨዋታዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚባለው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ሲወጣ ገጸ ባሕርያትን የሚመድበው በሦስት ነበር፤ የሥርዓት ወገን፣ የሁከት ወገንና ገለልተኛ። በ1978 የወጣው የተስፋፋው የተጫዋቾች መጽሐፍ በዚያ ላይ ደግነትንና ክፋትን አክሎ ዘጠኝ ሳጥን አደረገው። ለሒሳብ የተመቸ ነው። ችግሩ ሳጥኑ ምርጫው ከመደረጉ በፊት የተሞላ መሆኑ ነው።

ስለዚህ የራሳችንን ዓለም እንድሠራ ተስማማን፤ መጀመሪያ የሚጻፈውም ካርታው ወይም የነገሥታቱ ዝርዝር ሳይሆን የፍጥረት ታሪኩ እንዲሆን ወሰንኩ፤ ምክንያቱም ያ ሕፃን ክፉ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ የሚወሰነው እዚያ ነው። ለራሴ ያስቀመጥኩት ግዴታ ጽሑፉ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ጮክ ተብሎ እንዲነበብና ክፋት ከየት እንደመጣ እንዲናገር ነው። ከሁሉም በላይ ግን ሰምተውት የሚጫወቱ ሰዎች «የማደርገው የእኔ ነው» እንዲሉ ቦታ መተው አለበት።

መስከረም 26 ቀን

የመጀመሪያውን ረቂቅ ትናንት አንብቤላቸው ወድቋል። አወዳደቁ ግን ትምህርት ስላለው እጽፈዋለሁ።

ሁለት እኩል ኃይሎችን ነበር የጻፍኩት፤ አንዱ ያበራል፣ አንዱ ያጠፋል፣ ዓለም በመካከላቸው ያለ የጦር ሜዳ ናት። ሐሳቡን የወሰድኩት ከጥንታዊት ፋርስ ሃይማኖት ነው፤ ወስጄ ግን የተሻለውን ክፍል እዚያው ጥዬው እንደመጣሁ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የዚያ ሃይማኖት ነቢይ የዘራቱስትራ ናቸው በሚባሉት በጋታ መዝሙሮች ውስጥ መንትዮቹ መናፍስት ደግና ክፉ የሆኑት እያንዳንዳቸው መርጠው ነው። ኋላ የመጣው የዙርቫን ተረት ደግሞ የበለጠ ያስገርማል፤ የጊዜ አምላክ የሆነው ዙርቫን ልጅ ለማግኘት አንድ ሺህ ዓመት መሥዋዕት ሲያቀርብ ቆይቶ «ይህ ሁሉ ድካም ይጠቅም ይሆን?» ብሎ ተጠራጠረ፣ ከመሥዋዕቱ ብርሃናዊው ልጅ፣ ከጥርጣሬው ደግሞ ጨለማው ልጅ ተፀነሱ። ክፋት የአንድ ቅጽበት ማመንታት ልጅ ሆነ ማለት ነው። እኔ ግን ይህን ሁሉ ትቼ ሁለት ሠራዊት ብቻ አስቀረሁ።

ውጤቱ በጠረጴዛው ላይ ወዲያው ታየ። ተጫዋቾቼ ወታደር ሆኑ። የትኛው ወገን እንደሆኑ ካወቁ በኋላ አንድም ጥያቄ አልጠየቁም፤ የገጠማቸውን ሁሉ «የማን ወገን ነው?» ብለው ለይተው መቱት። ነርሷ ብቻ ሲያልቅ «ሕፃኑስ?» አለችኝ። ሕፃኑ አሁንም እዚያው ሳጥን ውስጥ ነበር፤ እኔ የቀየርኩት የሳጥኑን ቀለም ነው።

ጥቅምት 10 ቀን

ሁለተኛው ረቂቅ አንድ ፈጣሪ ብቻ ነበረው፤ ሸማኔ። ድርና ማጉን ዘርግቶ ዓለምን ሸመነ፣ ጥለቱም የሰው ታሪክ ሆነ። ስጽፈው ቆንጆ ነበር፤ ስለ ቀሰሙና ስለ መወርወሪያው የጻፍኩትን ዐረፍተ ነገር አሁንም እወደዋለሁ። ነገር ግን ክር ምን ይመርጣል? ክር ቢበጠስ ጥፋቱ የሸማኔው ነው ወይም የፈታዩ ነው እንጂ ክሩ «እምቢ አልኩ» ሊል አይችልም። ሸክላ ሠሪ ላደርገው አሰብኩና እዚያም ያው ጭቃ ገጠመኝ።

የባቢሎን ሰዎች ይህን ችግር በደም ፈትተውት ነበር። በሰባት የሸክላ ጽላቶች ላይ በተጻፈው የፍጥረት መዝሙራቸው አምላካቸው ማርዱክ የጥንቷን የባሕር አምላክ ቲያማትን ድል ካደረገ በኋላ የጦር አዛዧ ቂንጉ ታርዶ ሰው የተሠራው ከእርሱ ደም ነው፤ የተሠራበትም ምክንያት አማልክቱን ከድካም ለማሳረፍ ነው። አገልጋይ ለመሆን የተሠራ፣ ግን ከዐመፀኛ ደም የተሠራ ፍጡር! እምቢታውን በደም ሥሩ ይዞ ይዞራል። ቢሆንም ይህም ለእኔ አልሆነም፤ በደም የመጣ እምቢታ ልክ በደም እንደመጣ ታዛዥነት ያልተመረጠ ነውና። በመጽሐፉ ላይ «ክፉ» ተብሎ የተጻፈበትን ሕፃን በቂንጉ ደም ብገልጸው ነርሷ ዳግመኛ እርሳሷን ታስቀምጣለች።

ጥቅምት 17 ቀን

የዚህ ሥራ ሁሉ አባት የሚባለውን የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን የፍጥረት ታሪክ እንደገና አነበብኩ። ታሪኩ ያለበት ዘ ሲልማሪሊዮን የተባለው መጽሐፍ የታተመው ደራሲው በ1973 ካረፈ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። እዚያ ዓለም የምትጀምረው በዜማ ነው፤ ፈጣሪው ለመናፍስቱ ጭብጥ ይሰጣቸዋል፣ እነርሱም ያዜማሉ፣ ከሁሉም ኃያል የሆነው ሜልኮር ግን የራሱን ዜማ ያስገባና ይረብሻል። ፈጣሪው ለሜልኮር የሚሰጠው መልስ ምንጩ በእርሱ ያልሆነ ዜማ ሊዜም እንደማይችል የሚገልጽ ነው። ይህን ሳነብ ቅር አለኝ፤ የዐመፁ ምንጭም እዚያው ከሆነ ዐመፁ የማን ነው? ደራሲውም ይህ ሳይታየው አልቀረም፤ ዜማው ለሌላው ፍጥረት ሁሉ እንደ ዕጣ ፈንታ ሲሆን ሰዎች ግን ከዜማው አልፈው ሕይወታቸውን የመቅረጽ ስጦታ ተሰጥቷቸዋል።

ይበልጥ የረዳኝ ግን አጠገቡ ያለው ትንሽ ታሪክ ነው። አውሌ የተባለው አንጥረኛ መንፈስ ትዕግሥት አጥቶ ድንኮችን በስውር ይሠራል። ፈጣሪው ደርሶበት ሲገሥጸው፣ የሠራቸው ነገሮች እርሱ ሲያስባቸው ብቻ የሚንቀሳቀሱ፣ ሐሳቡን ሲያነሣ ግን ዝም ብለው የሚቆሙ ናቸው ይለዋል። አውሌ እያለቀሰ ሊሰባብራቸው መዶሻውን ያነሣል፤ ድንኮቹም ፈርተው ይሸማቀቃሉ፣ ምሕረትም ይለምናሉ። የራሳቸው ፈቃድ እንዳላቸው የታወቀው በዚህ ነው፤ ሠሪያቸው ሳያዝዛቸው ፈሩ። ይህን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለእኔ ሥራ የሚሆን መመዘኛ ሰጥቶኛል፦ ፍጡሩ ሠሪው ያላሰበለትን አንድ ነገር ካላደረገ ነጻ አይደለም።

ቶልኪን ራሱ ግን ኦርኮች የሚላቸውን የክፋት ወታደር ጭራቆች በተመለከተ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ሐሳቡን ሲቀያይር ነበር። ክፋት ራሱ መፍጠር አይችልም፣ ያለውን ማበላሸት ብቻ ነው የሚችለው ብሎ ከጻፈ በኋላ፣ አንድ ነገድ ሙሉ ለክፋት የተወለደ የሚመስልበትን ምክንያት ማስረዳት አስቸገረው። በዚህ ተጽናናሁ፤ እኔን ያቆመኝ ሕፃን እርሱንም አቁሞታል ማለት ነው።

ጥቅምት 28 ቀን

ዛሬ አክስቴ ቤት ሄጄ የምፈልገውን አገኘሁ፤ ፍለጋ ግን አልነበረም የሄድኩት። ለኅዳር ሚካኤል ጠላ እየጠነሰሰች ስለነበር ጋን እንዳነሣላት ነው የጠራችኝ።

ጋኑን አፉን ወደ ታች ገልብጣ በወይራ ጭስ አጥናው ነበር፤ ሳነሣው የውስጡ ሙቀት በክንዴ ላይ መጣ፣ ጠረኑም እስከ ማታ ከሸሚዜ አልለቀቀም። መሬቱ ላይ ሳስቀምጠው ከታች ጠባብ ስለሆነ ተንጋደደብኝ፤ አክስቴ በእግሯ ሦስት ጠጠር ገፋ አድርጋ ደግፋ አቆመችው፣ «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚለው ተረት ለእርሷ ምሳሌ ሳይሆን የየወሩ ሥራዋ ነው። ከዚያ የተወቀጠውን ጌሾ ከውሃ ጋር ጨመረች፣ አማሰለችው፣ አፉን በጨርቅ አሰረች፣ ሄደችም። በቃ። በሚቀጥሉት ቀናት ብቅሉንና ቂጣውን እየመጣች ትጨምራለች፣ ደፍድፋም ትከድነዋለች፣ በየመካከሉ ግን ጋኑን ብቻውን ትተወዋለች።

«እትዬ፣ እርሾ አይጨምሩበትም?» አልኳት።

«የምን እርሾ? እኔ አዋህጄ እከድናለሁ እንጂ የሚፈላው ራሱ ነው። ደግሞ ቶሎ ቶሎ እየከፈትክ ካየኸው ይበላሽብሃል።»

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ይህን በስልኬ ጻፍኩት። ሸማኔው እጁን ካነሣ ጨርቁ ይቆማል፤ ጠማቂዋ ግን እጇን ስታነሣ ነው ሥራው የሚጀምረው። ቃሉም ከእኛ ጋር ነበር፤ ጥንስስ ስንል የጠላውን መጀመሪያ እንላለን፣ የማንኛውንም ነገር ጅማሬ እንላለን፣ «ሤራ ተጠነሰሰ» ስንልም የክፉ ምክርን ውጥን እንላለን። ፍጥረትና ዐመፅ በአንድ ቃል ውስጥ ተቀምጠው እኔ ፋርስና ባቢሎን ስዞር ከረምኩ።

ሸማኔው ተሰናብቷል። ፈጣሪዋ ጠማቂት ናት፤ ዓለሙ የጋኑ ውስጥ ነው፤ ፍጥረታቱ በውስጡ የሚፈሉት ናቸው።

አንድ ፈተና ግን ገና ዛሬ ታየኝና እንዳልወድቅበት እዚህ ልጻፈው። ጌሾን ክፋት አድርጎ «መራራ ካልገባበት ጠላው አይጥምም» ማለት ቀላል ነው። አልጽፈውም። የታመመ ሕፃን ሥቃይ ለሌላው ሰው ሕይወት ማጣፈጫ ነው የሚል ታሪክ በነርሷ ፊት ማንበብ አልችልም፤ በማንም ፊት ማንበብ የለብኝም።

ኅዳር 4 ቀን

ከአራቱ አንዱ በልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማረ ነው። ጠማቂት ከድና ትሄዳለች ያልኩትን ስነግረው ትንሽ ዝም ብሎ «ይህ እኮ የመላእክቱ ነገር ነው» አለኝ። ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት በሚተርከው በአክሲማሮስና በአበው ትርጓሜ የሚነገረውን የሳጥናኤልን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ እኔ ግን ከዚህ ሥራ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር። እግዚአብሔር መላእክትን ከፈጠረ በኋላ ተሰወረባቸው፤ እነርሱም በጨለማ ሆነው «ማን ፈጠረን? ከየት መጣን?» ብለው ተመራመሩ። በማዕርግ ከሁሉ በላይ የነበረው ሳጥናኤል ወደ ላይ ቢመለከት ከበላዩ ማንንም አላየምና «እኔ ፈጠርኳችሁ» አለ። አንዳንዶቹ አመኑት፣ አንዳንዶቹ ተጠራጠሩ፤ ቅዱስ ገብርኤል ግን «ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ» አለ፤ አምላካችንን እስክናገኘው ድረስ በያለንበት ጸንተን እንቁም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ብርሃን የመጣው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለዓለም ሠሪ የሚሆን ብዙ ነገር አለ፤ ከሁሉም የሚበልጥብኝ መሰወሩ ነው። ፈጣሪ በሙሉ ብርሃን ቢቆም ኖሮ «ማን ፈጠረህ?» የሚለው ጥያቄ ፈተና ባልሆነም ነበር፤ ፀሐይን ለሚያይ ሰው «ፀሐይ አለች?» ብሎ መጠየቅ እንደማለት ነው። እስከ ዛሬ ነጻ ፈቃድን ሁለት በር አድርጌ ነበር የማስበው፤ የደጉ በርና የክፉው በር። አሁን ግን በሮቹ ሳይሆኑ ጨለማው ነው ምርጫውን ምርጫ የሚያደርገው ብዬ አምናለሁ። በእኔ ጠረጴዛም ያው ነው፤ ተጫዋቾቼ የታሪኩን መጨረሻ ቢያውቁት የሚያደርጉት ሁሉ ትወና ይሆን ነበር።

ታሪኩን ራሱን ወስጄ በጨዋታ ውስጥ ስሞቹን ለውጬ ላስገባው አልፈልግም፤ ለጓደኛዬም ለእኔም ቅዱስ ነገር ነው። መሰወሩን ብቻ እወስዳለሁ፤ እርሱንም ጠይቄው «መሰወሩን ውሰድ፣ ገብርኤልን ተው» ብሎኛል። ተስማማሁ።

ኅዳር 8 ቀን

አጭር የስንፍና ታሪክ። ትናንት ጭራቆቹ ነጻ ፈቃድ እንዲኖራቸው ብዬ እያንዳንዱ ውሳኔያቸው በዳይስ እንዲወሰን አደረግኩ፤ ከ1 እስከ 3 ከመጣ ይምራሉ፣ ከ4 እስከ 6 ከመጣ ይመታሉ። አንድ ጭራቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንዱን መንገደኛ አራት ጊዜ ምሮ ሦስት ጊዜ ሊገድለው ሞከረ። ሳቅን፤ ከዚያ ግን ማንም ያንን ጭራቅ እንደ ሰው ማናገር አልቻለም። አስቀድሞ የተወሰነ ነገር ነጻ እንዳልሆነ ሁሉ በዕጣ የወጣም ነጻ አይደለም፤ ሁለቱም ጋር «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው የለም። ዳይሱን ለቀስትና ለገደል ብቻ እንዲያገለግል መለስኩት።

ኅዳር 13 ቀን

ትናንት በዓሉን አክስቴ ቤት ዋልኩ። ጋኑ ከመጠለሉ በፊት ጉሹን በጣሳ ቀድታ ሰጠችኝ፤ ድፍርስ ነው፣ ገለባው ከንፈር ላይ ይቀራል፣ ገና አልሰከነም። «ይኼ ጥሩ ጠላ ይሆናል ወይስ ይኮመጥጣል?» ብዬ ጠየቅኳት። «አሁን ማን ያውቃል? ሲሰክን ታየዋለህ» አለችኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ያንን የተረገመ ነገድ ስሙን «ጉሾች» አልኩት። ጉሾች ያልሰከኑ ፍጥረታት ናቸው፤ ሌሎቹ ነገዶች ከረዥም ዘመን በፊት ጠርተው መልክ ሲይዙ እነዚህ ገና እየተናወጡ ስለሆነ ማዶ ያሉት ሕዝቦች ይፈሯቸዋል፣ «ክፉ» ብለውም የጻፉባቸው እነርሱው ናቸው። የደንብ መጽሐፉ ቃል ጠፍቶ የጎረቤት ሐሜት ሆነ ማለት ነው። ሕፃኑም ሕፃን ሆነ።

መኮምጠጥን ግን ምን ላድርገው? የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ አውግስጢኖስ ክፋት የራሱ ህልውና የሌለው የበጎ ነገር ጉድለት ነው ይላል፤ ይህን ያለውም ሁለት እኩል ኃይሎችን በሚያምነው በማኒ ትምህርት ውስጥ ወደ 9 ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ነው፤ የእኔን የመስከረም ረቂቅ እርሱ በሕይወቱ አልፎበታል። ሐሳቡ ለጋኑ ዓለም ይስማማል፤ ኮምጣጣ ጠላ ከውጭ የገባ ሌላ ፈሳሽ አይደለም፣ ያው ጠላ አየር አግኝቶ ካሰበበት አልፎ የሄደ ነው። የሚጎረብጠኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሆምጣጤን የቀመሰ ሰው «ጉድለት ቀመስኩ» አይልም፤ ይነክሳል። ስለዚህ በእኔ ዓለም ክፋት ከጠላው የወጣ ነው፤ ከወጣ በኋላ ግን የራሱ ጥርስ አለው ብዬ ጻፍኩ። ፈላስፋ ይህን ላይቀበለው ይችላል፤ ለተረት ግን ይበቃል።

አተላውንም የርኩሳን መናፍስት ማደሪያ ላደርገው አስቤ ነበር። አክስቴ ዛሬ ጠዋት አተላውን ለጎረቤቷ ላሞች ስትሰጥ አየሁና ሰረዝኩት።

ኅዳር 22 ቀን

ሦስተኛው ረቂቅ ትናንት ተነበበ። መግቢያው ይህ ነው፦

«ጠማቂት ጋኑን በወይራ አጠነች፣ ውሃውን ሞላች፣ ቅጠሉንና እህሉን ጨመረች፤ ከዚያም ከደነች። ከከደነችም በኋላ አልተናገረችም። በጨለማው ውስጥ ያለው ሁሉ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ የሚያንቀሳቅሰው እጅ ግን አልነበረም። ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ላይ የወጣው አረፋ ከበላዩ ክዳኑን ብቻ አገኘ፤ ክዳኑንም ሰማይ መሰለው፤ ወደ ታችም ተመልክቶ ‹የቀሰቀስኳችሁ እኔ ነኝ› አለ።»

አረፋው ውሸታም ከመሆኑ በፊት የተሳሳተ ፍጡር መሆኑን ሆነ ብዬ ነው የጻፍኩት። መጀመሪያ እውነት መስሎት ተናገረ፤ ሁለተኛ ጊዜ የተናገረው ግን ከታች አንድ ድምፅ «አንተን ማን ቀሰቀሰህ?» ብሎ ከጠየቀው በኋላ ነው። ክፋት የገባው በሁለተኛው ንግግር ነው።

ተከታዮቹን በተመለከተ ከመጽሐፈ ሄኖክ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ስለሆነ፣ ዓለም ሁሉ የሚጠቅሰውን ይህን ታሪክ እኛ እንደ ሩቅ ነገር መቁጠራችን ያሳዝነኛል። ትጉሃን የሚባሉት ሁለት መቶ መላእክት በአርሞንኤም ተራራ ላይ ሲወርዱ አለቃቸው ሰምያዛ «ትተውኝ ብቻዬን ዕዳውን እንዳልከፍል እፈራለሁ» ይላቸዋል፣ እነርሱም ተማምለው ይወርዳሉ። የሚሠሩት ነገር ጥፋት መሆኑን ባያውቁ ኖሮ መሐላ ለምን ያስፈልጋቸው ነበር? ያ ፍርሃት የፈቃዳቸው ማስረጃ ነው፤ ልክ እንደ ድንኮቹ መሸማቀቅ። በእኔም ታሪክ ከአረፋው ጋር የቆሙት ሲተማመሉ የሚያሳይ አንድ አንቀጽ ገብቷል። ከመጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ የክፉ መናፍስት አለቃ መስቴማ ከመናፍስቱ ጥቂቶቹ እንዲቀሩለት ለምኖ ዐሥራቱ የቀረለትን ስፍራ ለጨዋታው ደንብ ወሰድኩት፤ በየአገሩ ካሉት መናፍስት ከዐሥሩ አንዱ የአረፋው ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን ፊቱ ላይ አልተጻፈም።

ተቃውሞው የመጣው ያኔ «ተፈጥሮው ነው» ካለው ጓደኛዬ ነው፤ ጠበቃ ስለሆነ ነገር አያልፈውም። «የከደነችው እርሷ ከሆነች፣ በጨለማው ምክንያት የተሳሳቱትን በምን መብት ትጠይቃቸዋለች? ደግሞስ ሁልጊዜ በፈቃዳቸው ደጉን ብቻ የሚመርጡ አድርጋ ለምን አልጠነሰሰቻቸውም?» አለኝ። ሁለተኛው ጥያቄ ፈላስፋው ጆን ማኪ በ1955 በጽሑፍ ያቀረበው ነው፤ አልቪን ፕላንቲንጋ ደግሞ በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ነጻ ፍጡር ምን እንደሚመርጥ የሚወስነው ፍጡሩ ራሱ ስለሆነ፣ ነጻ ሆነው ፈጽሞ የማይሳሳቱ ፍጡራንን መፍጠር በሁሉን ቻይነት ብቻ የሚፈጸም ነገር ላይሆን ይችላል ሲል መልሷል። ይህን ለጠበቃው ነገርኩት። «መልካም፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን አልመለስክም» አለኝ። እውነቱን ነው። አልመለስኩም።

ታኅሣሥ 6 ቀን

ትናንት ታሪኩን ከማንበብ ይልቅ ላጫውታቸው ወሰንኩ። ባሕርያቸውን ገና ሳይመርጡ፣ ስም ሳይኖራቸው፣ አራቱም በጋኑ ጨለማ ውስጥ እንደነቁ ነገርኳቸው። መብራቱን ላጠፋ ተነሥቼ ሳለ የሰፈሩ መብራት ራሱ ጠፋልኝ፤ እንዲህ ያለ ትብብር ከዚህ በፊት አግኝቼ አላውቅም። በጨለማው ውስጥ የአረፋውን ቃል በዝግታ ተናገርኩ፤ «የቀሰቀስኳችሁ እኔ ነኝ። ምን ትላላችሁ?» ሦስት መልሶች አዘጋጅቼ ነበር፤ ማመን፣ መካድ፣ መጠበቅ። ለእያንዳንዱ የሚከተለውን ታሪክ በተለያየ ወረቀት ላይ ጽፌ በኪሴ ይዤዋለሁ።

ጠበቃው «ማስረጃ አቅርብ» አለ፤ ከመካድ ቆጠርኩት። ዜማ የተማረው ጓደኛዬ ምንም አልተናገረም፤ ዝምታውን ከመጠበቅ ቆጠርኩት። አራተኛዋ ጓደኛችን፣ ብዙ ጊዜ የማትናገረው፣ «አምንሃለሁ፤ ብቻዬን መሆን ስለምፈራ» አለች፤ ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ነገር ልጽፈው አልችልም፤ ከአረፋው ጋር የሚቆሙትን ሁሉ ሞኞች ወይም ተንኮለኞች አድርጌ መጻፌ ግን ያኔውኑ አሳፈረኝ።

ነርሷ ቀረች። ለረዥም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ ጠረጴዛውን በጣቷ አንጓ ሦስት ጊዜ ስትመታ ሰማን።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«ግድግዳውን እየመታሁ ነው። የት እንዳለሁ ማወቅ እፈልጋለሁ። ምን ዓይነት ድምፅ ይሰማል?»

በኪሴ ካሉት ሦስት ወረቀቶች አንዱም ይህን አያውቅም። ስለ ጠማቂት ሳይሆን ስለ ጋኑ ነው የጠየቀችኝ። ጥቅምት ላይ የጻፍኩት መመዘኛ፣ ፍጡሩ ሠሪው ያላሰበለትን አንድ ነገር ማድረግ አለበት የሚለው፣ በራሴ ላይ ተፈጸመ፤ የምለው አጥቼ «ለሚቀጥለው ሳምንት እናቆየው» አልኩ።

ታኅሣሥ 11 ቀን

ዛሬ ከአክስቴ ጋር ገበያ ሄድኩ፤ ለገና አዲስ ጋን ትፈልጋለች፣ ተሸካሚው እኔ ነኝ። ሸክላ ተራ ላይ አንዱን ጋን አቁማ ዙሪያውን በዓይኗ ካየችው በኋላ ጎንበስ አለችና ሆዱን በጣቷ አንጓ መታችው። ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። ራሷን ነቅንቃ ወደሚቀጥለው ሄደች፤ እርሱንም መታችው። ሻጯ አልተቆጣችም፤ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች።

«ድምፁ ምን ይነግርዎታል?» አልኳት።

«የተሰነጠቀ ከሆነ ይታፈናል። ጤነኛው ይጮኻል። ዓይን የማያየው ስንጥቅ አለ፤ ሳትመታ አትግዛ።»

አራተኛውን ጋን ገዛች፤ እስከ ታክሲው ድረስ በትከሻዬ ተሸክሜው ስሄድ የጠበቃውን ጥያቄ አሰብኩ። በምን መብት ትጠይቃቸዋለች ነበር ያለው፤ እነርሱም ሊጠይቋት እንደሚችሉ ግን በሦስቱ ረቂቆቼ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። በጨለማ የተቀመጠ ፍጡር ሠሪውን አያያት ይሆናል፤ የተሠራበትን ቤት ግን መምታትና ማዳመጥ ይችላል።

ማታ ተቀምጬ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። ከአመኑት፣ ከካዱትና ከጠበቁት ቀጥሎ አራተኛ ወገን መጣ፤ የሰው ዘር የሚወለደው ከእርሱ ነው፤ «አንዲቱም ወደ ጋኑ ግድግዳ ሄደች፣ በአንጓዋም መታችው፣ ጆሮዋንም አስጠጋች» ይላል። በዚያ ላይ አቆምኩት። ድምፁ የታፈነ ይሁን የጮኸ አልጻፍኩም፤ ከዐረፍተ ነገሩ በታች አራት መስመር ባዶ ትቼ አምስት ኮፒ አስነሥቻለሁ። ቅዳሜ እርሳስ ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ።